በሲባጎ የተሰለፉት አበቦች

ይድረስ ለእታለም ስርጉት፣

እንዴት ነሽ እታለም? ከተለየሽኝ ወዲህ የጤናሽን ነገር የሚነግረኝ ሰው የለም። ያ የወባ ትኩሳት ለቀቀሽ ወይ? ራስሽንስ አሁንም ያምሻል? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ግን ሰው ሁሉ አስጠልቶኛል፤ ከሰውም አጎታችን ሞላ።

አርባሽ ሲወጣ ዘመድ ከባምባሲ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። አጎቴ ሞላ የግብርና ባለሙያ መሆኑን ሐዘን ላይም አይረሳም። የጓሮ አበባሽን፣ ከአከራያችን ከእማማ ዓፊያ ጋር ከቀርከሃው ጫካ ቆፍራችሁ ያመጣችሁትን ያንን ሽንኩርት የመሰለ ሥር፣ «ለመቃብሯ ይሁንላት» ብሎ እማዬን ጠየቃት። እሷም የሚያከብርሽ መስሏት እሺ አለች። መሬት ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ሲጠብቅ የነበረውን ሁሉ በዶማ ገለበጡት።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ሲባጎ ወጠረ። ጤፍ በመስመር ዝሩ እያለ ገበሬውን እንደሚያስጨንቀው ሁሉ፣ በስንዝር እየለካ አስተከለ። ዳር ዳሩን ኖራ በተቀባ ድንጋይ አጠረው። ራስጌሽ ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ከነላስቲኩ ሰካበት። የአክስታችን ልጆች ደግሞ ግማሹን ሥሩን ወደ ሰማይ አድርገው ቀበሩት። ተው ብዬ ስናገር አጎቴ «ዝም በል አንተ! እሷ ጓሮውን ጫካ አድርጋው ነበር፤ አሁን ነው አበባ የመሰለው» አለኝ። ሰው ሳቀ። መቃብርሽ ላይ ሳቁ እታለም። ፎቶም ተነሡ፤ «አንለይ፣ ፈገግ በል እንጂ» አሉኝ። የጨበጡኝ እጆች ሁሉ ወጥ ወጥ ይሸቱ ነበር።

እማማ ዓፊያ ብቻ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ቆመው አይተው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው «ይሄ አበባ ወታደር ሆነ እንዴ? ስርጉት እንዲህ አይወድም» አሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ዝናቡ ነው። ደመናው መጥቷል። አንዴ ከዘነበ ቅጠሉ ሳይቀድመው ቀዩ ክብ አበባ ብቅ ይላል። እንዲህ ተሰልፎ ከወጣ ያንቺ አይደለም፤ የአጎቴ ሠርቶ ማሳያ ነው። የተገለበጠውማ ጨርሶ ላይወጣ ይችላል። አንቺ እፍኝ ሙሉ ይዘሽ፣ ዐይንሽን ጨፍነሽ ትበትኚና «ከወደቀበት እንዳታነሣው፤ ጫካ ውስጥ ማን ሰልፍ አስያዘው?» ትዪኝ ነበር።

እማዬ ትናንት ከዘመዶቹ ጋር ወደ ባምባሲ ተመለሰች፤ ስምሽን እየጠራች ነው መኪናው ላይ የወጣችው። እማማ ዓፊያ ሰላም ይሉሻል። ድመትሽም ደህና ናት፤ አሁንም አልጋሽ ላይ ነው የምትተኛው። እዚያ አባባን ካገኘሽው ጉልበቱን ሳሚልኝ። የአጎቴን የሞላን ሰላምታ ግን አላደርስም።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ሳላስበው «እታለም፣ ረፈደ!» ብዬ ተጣራሁ። ከዚያ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ዶማሽን ይዤ፣ በትምህርት ቤቱ በር አልፌ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ፕላስቲኩን ነቅዬ ጣልኩት። ድንጋዮቹን ከአጥሩ ሥር ከመርኳቸው። ሥሮቹን አንድ በአንድ አውጥቼ፣ አፈሩን አራግፌ በነጠላሽ ሰበሰብኳቸው። ዐይኔን ጨፍኜ በተንኩ። በየወደቁበት፣ ሥራቸውን ወደ ታች አድርጌ ተከልኳቸው። አንዱ ተንከባሎ ከማላውቀው ሰው መቃብር ላይ ቆመ። ላነሣው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ዶማውን አመጣሁና እዚያው ተከልኩት።

ወንድምሽ አንለይ
አሶሳ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.