በስልክ የማይሰማ ኢንሻአላህ

ሰኞ
አስረከብኩ! የሱቁን ቁልፍ አከራዬ ጋሽ ይመር እጅ ላይ አድርጌ ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። አስራ ስድስት ዓመት ሐይቅ ከተማ ላይ ድሪያ ቀሚስና ሻሽ የሸጥኩት ለኪራዩ እንጂ ለእኔ አልነበረም። ከአረብ አገር የተመለሰችው ታናሽ እህቴ ዘሃራ፣ «እታለም፣ ዘንድሮ ሰው ሱቅ የሚገባው በስልኩ ነው፤ ለግድግዳ ምን አስከፈለሽ?» ስትለኝ ነው የከረመችው። እውነቷን ነው። ጋሽ ይመር «ትመለሻለሽ» አሉኝ። ሳቅኩባቸው።

ማክሰኞ
ዘሃራ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተችልኝ። ድሪያዎቹን አልጋዬ ላይ እያነጠፍን ፎቶ አነሳን። አረንጓዴው ሰማያዊ መስሎ ወጣ፤ ይሁን። ከሰዓት የውጫሌ ደንበኞቼ «ሲያምር!» እያሉ ይጽፉ ጀመር። «ሐሙስ ላምጣልሽ?» እላለሁ። «እሺ ኢንሻአላህ» ይላሉ። አስራ አንድ ሴት! ሱቅ ቁጭ ብዬ በሳምንትም ይህን ያህል አልሸጥኩም። ደስታዬን የት ላድርገው?

ረቡዕ
ቤት ያለኝ አራት ድሪያ ብቻ። ለኪራይ ያስቀመጥኳትን ብር ይዤ ደሴ ወጣሁ፣ ሰባት ጨመርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ ጦርነቱ ያወራል። እኔ የማስበው የትኛው ቀለም ለማን እንደሆነ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ
ውጫሌ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ከአስራ አንዱ የገዙት ሁለት።
አንዷማ «እንዴ! ኢንሻአላህ አልኩሽ እንጂ እገዛለሁ አልኩሽ? ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከብዶኝ እኮ ነው» ብላ ሳቀች። ሌላዋ አረንጓዴውን አገላብጣ «ሰማያዊው የታለ?» አለች። ሦስተኛዋ ለካችውና ቅባት የነካ እጇን አሳርፋበት መለሰችልኝ።
የሚኒባስ መሄጃ፣ መመለሻ፣ ከቤት ቤት ባጃጅ፣ የስልክ ካርድ፣ ፌስታል። ኪራይ ቀረልኝ ብዬ ኪራዩን መንገድ ላይ ስበትነው ዋልኩ።
የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሱቅ ሳለሁ ይቺን «ኢንሻአላህ» አውቃት ነበር እኮ! ደንበኛዬ ጨርቁን እየዳሰሰች «ኢንሻአላህ» ካለች ትመጣለች። እግሯ ወደ በሩ ዞሮ፣ ቃሏን ጎትታ ካለችው አትመጣም። ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፣ ዜማቸው ግን ለየቅል። ስልክ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊደል ሆነብኝ። አስራ ስድስት ዓመት የሠለጠነ ጆሮ በሁለት ቀን ደነቆረ።

ዓርብ
ኢንተርኔት ጠፋ። በጦርነቱ ነው ይላሉ፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ዘሃራ ስልኳን ይዛ ከመስኮት መስኮት ስትዞር ዋለች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ እታለም» ትለኛለች፣ እሷው ግን እንባዋ መጥቷል። ዘጠኙ ድሪያ አልጋዬ ላይ እንደተነጠፈ ነው። ሻጭ የለ፣ ገዢ የለ፤ ቻናላችን ሱቅ ቢሆን ኖሮ በሩን እንኳ አንኳኳ ነበር።

ቅዳሜ
ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጋሽ ይመር ጋ ሄድኩ። ሱቄ ውስጥ የእህል ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሻሽ የምሰቅልበት ሚስማር ላይ የአዲሱ ተከራይ ጃኬት ተንጠልጥሏል። ጋሽ ይመር አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።
«ጋሽ ይመር፣ ሰውዬው ሲለቅ ለእኔ ይሰጡኛል?»
የሙስበሃቸውን ዶቃ ቆጠር ቆጠር አድርገው፣ ወደ መንገዱ እያዩ፣ ጎተት አድርገው፦
«ኢንሻአላህ።»
«አሚን» አልኩ፤ ምን ልበል። ይቺንስ በአካል ስለሰማኋት አወቅኋት።