ስጎው ምን ይጎድለዋል?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

እኔ ስቬንያ፣ የአሥራ አራት ዓመት ወንጀለኛ፣ የሚከተለውን በሙሉ ልቤ እናዘዛለሁ፦ አያቴ ኦማ ሄርሚነ ለእሁዱ ዛወርብራተን (በኮምጣጤ የሰነበተ የበሬ ስጋ) ስጎ ማጣፈጫ ፈጭታ ያስቀመጠችውን የቅመም ብስኩት በልቻለሁ። በማንኪያ። ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን።

ማስረጃ ለማጥፋት ደረቅ ጥቁር ዳቦ ፈጭቼ ሞላሁት። መልኩ አንድ ነው። ሽታው ግን... አንዴ ብታሸተው አለቀልኝ።

ስጋው ምድር ቤት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ በኮምጣጤና በወይን ጠጅ ተዘፍዝፏል። ጠዋትና ማታ ማገላበጥ የእኔ ሥራ። «በእንጨት ማንኪያ! በሹካ ከወጋሽው አንቺንም እወጋሻለሁ» ተብያለሁ።

እሁድ የመንደራችን በዓል ነው። የኦማ ታናሽ እህት አነግሬትም ትመጣለች። በፋሲካ ምን አለች? «አርጅተሻል ሄርሚነ። በበዓሉ ምግብ አንዲት ስህተት ካገኘሁ የእማዬን ድስት ይዤ ነው የምሄደው።» ኦማ ያን ማታ ድስቱን ሦስት ጊዜ ፈተገችው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

የምሳው ምስር ሾርባ የባሕር ውሃ ነበር! ኦፓ (የኦማ ባል፣ የቤታችን ዝምተኛ) ሁለት ሳህን ጨረሰ። ከዚያ ውሃ እንደ ፈረስ ጠጣ።

«ኦፓ፣ ውስጥህ እሳት ተነሳ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ብዪ።»

አምሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ምላሱ ይሞታል መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

አገላበጥኩ። በማንኪያ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ዛሬ ስጋው ተቀቀለ። ኦማ ስጎውን አጥልላ ጠርሙሱን ከፈተች። አሸተተች... ገለበጠችው። ቀመሰች። አሁን ትጮሃለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

«ልክ እንደ እማዬ» አለች።

ልክ?

ልብስ ልትቀይር ስትወጣ ቀመስኩት። ኮምጣጤ ብቻ! ዓይኔ አለቀሰ። ምነው በጮኸችብኝ...

ኦፓ በሩ ላይ ቆሟል። «ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሽታም ጣዕምም የላትም። ማወቄን አታውቅም።»

«ታዲያ ያ ሾርባ...»

«ጣፋጭ ነው አልኳት።»

እኔ ደግሞ ስስቅበት ነበር።

ዳቦ ቤቱ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው በሳይክል ደረስኩ። ብስኩት ገዛሁ፤ አንዷንም አልቀመስኩም፣ ይመዝገብልኝ። ማታ ኦማ ስትተኛ ፈጭቼ ስጎው ውስጥ ጨመርኩ፤ ዘቢብም። ለስጎው ጣፋጭነት የሚገባውን ጥቁር ሽሮፕ ኦፓ ነው ያፈሰሰው። «አንድ ማንኪያ ልድገም?» «በቃ ኦፓ፣ ማርማላታ አይደለም!»

እሁድ፣ ኦክቶበር 12

አነግሬት ሹካዋን እንደ ዳኛ መዶሻ ይዛ ተቀመጠች። ቀመሰች። ደገመች። በድንች ድብልብሉ ሳህኗን ጠራርጋ «ዘቢቡ በዝቷል» አለች... ሳህኗን ግን እንደገና ዘረጋች። ድስቱን ሳታነሳ ሄደች!

ኦማ ጭልፋውን አየች። ከዚያ እኔን።

ሳህን ስናጥብ ነው፣ ፊቷን ሳታዞር፦

«ትናንት ስጎዬ ነጣ ያለ ነበር። ዛሬ ጠቆረ። ምላሴ ቢተኛ ዓይኔም የታወረ መሰለሽ?»

«ኦማ... ብስኩቱን በልቼው ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ሆዳም።» እርጥብ እጇን ማጅራቴ ላይ አሳረፈች። እዚያው ቆየ።

«ኦፓ ግን ምግብሽ ጣፋጭ ነው ይላል» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«ይላል። ከዚያ ውሃ ይጠጣል። የማላየው ይመስለዋል፣ የእኔ ፈረስ።» ሳቀች። ዓይኗ ግን... የሽንኩርቱ አይደለም፣ ሽንኩርት አልነበረም።

አሁን ደረጃው ላይ ተደብቄ ነው የምጽፈው። ለነገ ሾርባ ጥዳለች፤ ክዳኑ ይንኳኳል። ማንም እዚህ መሆኔን አያው...

«ስቬንያ! እስክሪብቶውን ተይና ምላስሽን ይዘሽ ነይ!»