ስለ አማቴ ወንበርና ስለ ተያዘብኝ ካሜራ

ቀን፦ ግንቦት 19

ለመንገድ ውበትና ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከአማቴ የሥራ ቦታ የተወሰደ ወንበርና ከእኔ እጅ የተወሰደ ካሜራ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ከመድኃኒት ቤቱ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ባለቤት ነኝ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ “አገጭዎን ቀና፣ ጆሮ ይታይ፣ አይሳቁ” ስል እውላለሁ። ተነሺው በፋንታው “አፍንጫዬን ትንሽ አሳንሽልኝ፣ ግንባሬን አታብሪው፣ ኧረ ይሄ እኔ አይደለሁም” ይለኛል። በዚህ ምክንያት ሱቄን ስዘጋ የሰው ፊት ማየት አልፈልግም፤ የባለቤቴንም ጭምር፣ እሱም ያውቀዋል።

ስለዚህ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ነገር፣ ሰው ሳይገባበት፣ አነሳለሁ። በሽቦ የታሰረ የቧንቧ ራስ፣ ጓደኛው የጠፋበት ጫማ፣ ግማሹ የተቀደደ ማስታወቂያ፣ ጎኑ የተጨረማመተ ባልዲ። ባልዲው እስከ ዛሬ አንድም ቀን “አሳምሪኝ” ብሎኝ አያውቅም። አላፊ አግዳሚው “ምን ነካት?” ይላል እንጂ ክልክል ነው ያለኝ አልነበረም።

2. ካነሳኋቸው ሁሉ የምኮራበት የአማቴን ወንበር ነበር። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ቁልፍ ቀራጭ ናቸው፤ ከሱቄ ጥግ፣ ከመብራት ምሰሶው ሥር ሣጥናቸውን ዘርግተው ይሠራሉ። ወንበሩን በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። አንዱ እግሩ የውኃ ቧንቧ ነው፤ መቀመጫው በአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተጠለፈ ነው፤ መደገፊያው ደግሞ የታመመ ወገባቸውን እንዲይዝ ተብሎ ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ነው። ሌላ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ከዋሉ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድራሉ። ምሳ ሊበሉ ሲነሱ ጠብቄ ባዶውን አነሳሁት።

3. ከሱቄ መስኮት ሙሽሮቹን አውርጄ እነዚህን ፎቶዎች ሰቀልኩ። ሰው ሁሉ ስቆ አለፈ። አንድ ቀን ግን የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡና መስኮቱ ጋ ቆመው ቀሩ። “ይሄ ወንበር የት ነው ያለው?” አሉኝ። ስለ ፎቶዬ ቁም ነገር ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ስለሆኑ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እስከ ደጅ ወጥቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ባልዲው የት እንዳለ፣ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚገኝ ሳልጠየቅ ጨመርኩላቸው። አፍንጫቸውንም በነፃ አሳነስኩላቸው።

በማግስቱ የጽሕፈት ቤቱ መኪና መጥቶ ያሳየኋቸውን አንድ በአንድ ለቅሞ ሄደ። “የከተማን ገጽታ የሚያበላሹ ቁሶች” ናቸው ተባለ። አማቴ ሲደርሱ ያገኙት ምሰሶውን ብቻ ነው።

4. ወሬው በሰፈሩ ሲዛመት ጎረቤቶቼ እኔ ያነሳሁት ነገር ሁሉ በማግስቱ ይወሰዳል ብለው አመኑ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከቤቷ ጀርባ ያለውን የቆሻሻ ክምር እንዳነሳላት ለመነችኝ። አነሳሁ፤ መስኮቴም ላይ ሰቀልኩ። ክምሩ እስከ ዛሬ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ከፍ ብሏል። አንዲት ሌላ ጎረቤቴ ደግሞ ባሏን አንሺልኝ ብላኝ ነበር። ከሱቄ ውጭ ሰው እንደማላነሳ አስረድቼ መልሻታለሁ።

5. ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቤት አልሆነም። አማቴ ሥራ አቁመው ከእኛ ጋ መዋል ጀመሩ። ለእኔ በቀጥታ መናገር ትተው በልጃቸው በኩል ነው የሚያወሩኝ፤ ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን “ለሚስትህ ንገራት፣ ሻዩ ቀዝቅዟል” ይላሉ። ባለቤቴም ወደ እኔ ዞሮ “ሻዩ ቀዝቅዟል” ይለኛል። እጃቸው ሥራ መፍታት ስለማያውቅ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ፈታተው እንደገና ቀረጹት፤ አሁን የመታጠቢያ ቤቱ ቁልፍ የሚከፍተው ቁም ሣጥኑን ነው። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። አንድ ማታ ግን ለባለቤቴ “አንተ ሰውዬ፣ ይህቺ ልጅ ደጇ ላይ መሆኔን ጠልታ ነው ያስወሰደችብኝ” ሲሉት ሰማሁ። እሱም “አይደለም” በማለት ፈንታ ሻይ ቀዳላቸው። ያንገበገበኝ ይህ ነው። በማግስቱ ካሜራዬን እንዳንጠለጠልኩ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ።

6. ወንበሩን ለመፈለግ ብዙ አልደከምኩም። የበር ጥበቃ ሠራተኛው ተቀምጠውበት ነበር። “የማን ነው?” ብላቸው “የመሥሪያ ቤቱ ነዋ! ለወገብ እንዴት ያለ ወንበር መሰለሽ!” አሉኝ። ለአማቴ ላሳያቸው ብዬ፣ “አንድ ጊዜ ይነሱልኝ” አልኳቸው፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ተነሡልኝ። ወንበሩን ብቻውን አነሳሁት። ይኼኔ እኚያው ተቆጣጣሪ፣ አፍንጫቸውን ያሳነስኩላቸው፣ ከውስጥ ወጥተው “የመንግሥት ንብረት ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው” ብለው ካሜራዬን ቀሙኝ።

ክቡርነትዎ እንዲፈርዱልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ወንበሩ ቆሻሻ ከሆነ ቆሻሻ ፎቶ ማንሳት የሚከለክል ደንብ የለም፤ ካሜራዬ ይመለስልኝ። ንብረት ከሆነም ባለቤት አለው፤ ለባለቤቱ ይመለስ። ሰኞ ቆሻሻ ሆኖ ተጭኖ ሐሙስ የመንግሥት ንብረት የሚሆን ወንበር ካለ እኔም እንዲህ ያለ ዕድገት እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።

7. ባዶ እጄን ተመልሼ የሆነውን ለአማቴ ነገርኳቸው። ካሜራዬ መወሰዱን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። “ስለ እኔ ወንበር ብለሽ?” አሉ፤ ለእኔ፣ በቀጥታ። ከዚያ ሣጥናቸውን አንሥተው “ምሪኝ” አሉኝ። የጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው ሽማግሌ አይተው ከወንበሩ ተነሡ። አማቴ ተቀመጡ። አልተነሡም።

“ወንበሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው አላችሁ፤ እኔም ያለ ወንበሩ አልሠራም። እንግዲህ ምን ይደረግ?” ብለው ሞረዳቸውን አወጡ። ክቡርነትዎ ሰሞኑን ከመስኮትዎ ሥር የሚሰሙት ፋጭ ፋጭ የእሳቸው ነው። ሁለት ጊዜ ሊያስነሷቸው የወጡ ሠራተኞች ሁለቱም ቁልፍ አስቀርጸው ተመልሰዋል።

8. ስለዚህ ሁለቱም ንብረቶች እንዲመለሱልን ለማመልከት ይህን ጽፌ ለአማቴ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ “የእኔን ሰርዢው” አሉ። እንደ እሳቸው አነጋገር እዚህ ጥላ አለ፤ የመሥሪያ ቤቱም ሰው ቁልፍ ሲጥል ነው የሚውለው፤ በሰፈራችን በወር የማያገኙትን ደንበኛ እዚህ በቀን ያገኛሉ። “የአንቺን ግን አጥብቀሽ ጻፊ” ብለውኛል። ከላይ በጉዳዩ መስመር ላይ ስለ ወንበሩ የተጻፈው በዚሁ መሠረት ቀሪ ይሁንልኝ፤ ወረቀቱን ደግሜ ለመገልበጥ ትዕግሥቱ የለኝም።

በመሆኑም፣

ሀ. ካሜራዬ በውስጡ ካሉት ፎቶዎች ጋር እንዲመለስልኝ፤

ለ. አማቴ ባሉበት ቦታ፣ በራሳቸው ወንበር፣ ያለ ከልካይ እንዲሠሩ እንዲፈቀድላቸው፤

ሐ. የበር ጥበቃ ሠራተኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆመው እየዋሉ ስለሆነ፣ እሳቸውም እንደ አማቴ ወገባቸውን የሚያማቸው መሆኑን ስለነገሩኝ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ወንበር እንዲገዛላቸው፤ መግዛት ካልተቻለም አማቴ ሊሠሩላቸው ፈቃደኛ ስለሆኑ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ ቁራጭ የውኃ ቧንቧ እንዲሰጣቸው

በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። መልሱን ለማድረስ ፖስተኛ አያስፈልግም፤ ከበሩ ላይ ለቁልፍ ቀራጩ ቢነገር ማታ ቤት ይደርሰኛል፤ አሁን ያወሩኛል።

ከሰላምታና ከትልቅ ተስፋ ጋር

(ፊርማ)
የፎቶ ቤቱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአማቴ፣ ከጽሕፈት ቤቱ በር
ለበር ጥበቃ ሠራተኛው፣ እስከዚያው ቆመው እንዲያነቡት