ፋጉሎና ሽምግልና

ጎንደር፣ ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለፈህሚያ፣ ለፋጉሎ አክሳይዋ፤

ማሌዥያ ድረስ ሰላምታዬ ሳይደክመው ይግባልሽ፤ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። አያትሽ ሐዲጃ ጉልበቴን ትላለች፣ እኔ ደግሞ ሐዲጃን እላለሁ። ስልኬን ማንሣት ስለተውሽ በወረቀት መጣሁብሽ፤ አጎትሽ ሳሊም ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። ፊደሌ ወፈረ ብለሽ አትሣቂ፣ ወረቀቱ ሰፊ ስለሆነ እንዳይባክን ብዬ ነው። መስመሮቹም እንደ አዘዞ ሚኒባስ ተሳፋሪ ተደራርበው ከሆነ ቻያቸው።

ያን ቀን የሆነውን ከእኔ ስሚ። ከሳሊም የሰማሽው ግማሹ ስሜን ማጥፋት ነው።

«ፈህሚያ በኮምፒዩተር ጉባኤ ላይ ጥናቷን ታቀርባለች፤ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች ከየአገሩ፣ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ነው የሚሰበሰበው» ሳሊም ሲለኝ «ምሳውን ማን ያበላል?» አልሁት። ምሳ የለውም አለኝ። ምሳ የሌለው ጉባኤ አልወድም። ለአንቺ ስል ግን ነጩን ጀለቢያዬን ለብሼ፣ ከሐዲጃ ጋር ፒያሳ ሳሊም ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድሁ። ባልንጀራዬ እንግዳውም ሰምቶ ቀድሞን ተቀምጧል። ያው ታውቂው የለ፣ ከጭልጋ ኑግ እያመጣ፣ ከዘይት መጭመቂያዬ ጋር አብሮ ያረጀው።

«ምነው አያ ዐብዱ፣ ልጅቱ ስለ ፋጉሎ ስትናገር እኔ ልቅር?» አለኝ። «ኑጉ የማን ሆነና!»

እውነቱን ነው። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ ዕድሜዬን ሙሉ ለከብት መኖ ስሸጥ፣ አንድም ላም አቃጥለህ ስጠኝ ብላኝ አታውቅም። አንቺ ግን እንደ ከሰል አክስለሽ፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን መርዘኛ ውሃ የሚያጠራ ነገር ሠራሽበት። ሳሊም ይህን ሲተረጉምልን እንግዳው «ወይ ጉድ! ላሞቻችን ስንት ምርምር በልተዋል!» አለ። ሐዲጃ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሣቀች።

ድምፅሽ ሸጋ ነበር። ከቋንቋው አንዲት ቃል ባልይዝም፣ ልጅ ሆነሽ ቁርአን ስትቀሪ እንደነበረው፣ ሳይጣደፍ ሳይንቀረፈፍ ይወርዳል። እንግዳውን ጎሸም አድርጌ «የማን የልጅ ልጅ ትመስልሃለች?» አልሁት።

ከዚያ ያ ድምፀ ጎርናናው መጣ። ጠየቀሽ፣ መለስሽ። ደግሞ ጠየቀሽ፣ መለስሽ። እንደገና ሲጠይቅሽ ዝም አልሽ።

እኔ ዝምታሽን አውቀዋለሁ። የሰው ዕቃ ሰብረሽ ስትያዢ፣ እንባሽ ከመምጣቱ በፊት እንደዚያ ነበር ጭጭ የምትዪው። እኛ አገር ደግሞ ሁለት ሰው ሲካረር ሽማግሌ ቁጭ ብሎ አያይም።

ተነሣሁ።

«ጌታው!» አልሁ። «ስለ አላህ ብለው ይተዉልኝ! ልጅ ናት፤ ካጠፋች እኔ እክሳለሁ። ጉዳዩን ለሽማግሌ ይስጡን!»

እኔ ቆሜ እንግዳው ሊቀመጥ ነው? ጋቢውን አደግድጎ «በማርያም ይዤዎታለሁ! ኑጉ የእኔ ነው፣ እኔም አለሁበት!» አለ።

«አባዬ! ድምፁ ክፍት ነው፤ ይሰማሉ እኮ!» ብሎ ሳሊም ጮኸ።

«እንዲሰሙ አይደል የምናገረው?»

አንዱ ከሩቅ ሣቀ። አንቺ «አባዬ…» አልሽ፤ ኔትወርኩም በዚያው ጠፋ።

ሳሊም ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ጠብ አይደለም እኮ አባዬ፤ የውድድሩ ዳኛ ናቸው። ሥራዋን ቢወዱት ነው ደጋግመው የጠየቋት።»

«ሲወድ እንዲህ ካፋጠጣት፣ ሲጠላስ ምን ሊያደርጋት ነው?» አልሁት።

ሐዲጃ ግን ስንመለስ፣ ባጃጁ ውስጥ ቀስ ብላ «አንተ ሰው» አለችኝ። «ሰውዬው እኮ ፈገግ እያለ ነበር የሚጠይቃት። እሷም ዝም ያለችው ወረቀቷን እያገላበጠች ነው። አላየህም?»

የመስኮቱ ብርሃን የኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ወድቆብኝ ነበር። ለእሷም ያልኋት ይህንኑ ነው። እሷ እዚያው ከጎኔ ተቀምጣ ሳለ ሁሉን እንዳየች አነሣች፤ እኔ የባጃጁን ነጂ አነዳድ አነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋብኝ። ለሳሊም «ውጤቱ ገና ነው» ብለሽ ጽፈሻል አሉ፤ ለእኔ ግን የለም። የሚያስታርቀን ሽማግሌ ብፈልግ እንግዳው አብሮኝ ተከሳሽ ሆነ። ሐዲጃ ደግሞ አፌን ሳልከፍት ለአንቺ ፈረደች። እንግዲህ ዳኛውም አንቺ፣ ከሳሿም አንቺ ነሽ።

ሥራሽ ላይ እንቅፋት ሆኜብሽ እንደሆነ ንገሪኝ። እንግዳው ለሰውዬው አንድ ቁና ኑግ እንላክለት ይላል። ካስፈለገም «እኒያ ሽማግሌ ዘመዴ አይደሉም፣ ከመንገድ የገቡ ናቸው» በይው፤ አልቀየምም። ትንሽ እቀየም ይሆናል። ብቻ ያን ሁሉ የለፋሽበትን ነገር በእኔ ምክንያት እንዳትጥዪው። አንድ ሽማግሌ መሀል ገብቶ ስለጮኸ ውሃው መጥራቱን አይተውም።

ሳሊም ስለ ዓይኔ የሚያወራልሽን አትስሚ። ሐኪም ሥራ ሲፈታ በሽታ ያወጣል። ያንቺን ፎቶ ሐዲጃ ከግድግዳው ብታነሣው እንኳ የቱ ጋ እንደነበረ አውቀዋለሁ።

አላህ ዕውቀትሽን ለሰው የሚጠቅም ያድርገው፤ በጠያቂ ፊት አንደበትሽን ይፍታው፤ አንገትሽን አያስደፋሽ። ለረመዳን እመጣለሁ ያልሽውን አልረሳሁም። ባለፈው ስትመጪ በሩ ላይ ዝም ብለሽ ቆመሽ፣ አይቼ እስክደነግጥ ድረስ ትሥቂብኝ ነበር። የዘንድሮውን እንደሱ አታድርጊው። ከግቢው በር ጀምረሽ «አባዬ» እያልሽ ግቢ። ተቆጥተሽም ቢሆን በዪው፤ ወደ ድምፅሽ እመጣለሁ።

አያትሽ
ዐብዱረሕማን