ፔዳሉ ላይ የነበረው እግር

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

እንደምን ሰነብተሃል? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ውሸት በቅቶኛል።

አባትህ ደጅ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጓደኛህ ሳቂታው ከሞተ ሰባት ወሩ፤ ከዚያ ወዲህ የጋራዡን በር አልከፈተም፣ ክሪኩም መፍቻውም በወደቁበት አሉ። አብሮ አደግህን በቸልተኝነቱ እንደገደለው ነው ሁሉም የሚያወራው። አንተም ያንኑ ብለህ ጻፍክለት፣ ዘጋኸው። ደብዳቤህን ሸሚዝ ኪሱ ይዞት ይዞራል። ሸሚዙን ላጥብ ስል ብቻ ያወጣዋል።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ሳትጨርስ እንዳታጥፈው፣ ደግሜ የምጽፍበት ጉልበት የለኝም።

የሳቂታው አሮጌ ሚኒባስ የኋላ ጎማዋ ላይ የፍሬን ዘይት ታፈስ ነበር። አባትህ ያለቀውን ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚይዘውን ላስቲክ፣ ቀየረ፤ የቀረው መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን ላንተ አልነግርህም። አንዱ ጋቢና ውስጥ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ተኝቶ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ይፈታል፣ ይዘጋል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማን ይርገጥለት? እኔው ነኛ! ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እወጣለሁ። "ረዳቴ ጎበዝ ናት፣ ምላሷ ነው እንጂ ፍሬን የሌለው" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

"ያዢ!" ሲለኝ ረግጬ እይዛለሁ። ቡሎኑን ሲፈታው ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። መልሶ ዘግቶ "ልቀቂ!" እስኪል ድረስ እግር አይነሳም። ከተነሳ መስመሩ አየር ይስባል፣ የተለፋው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

የመጨረሻው ጎማ ላይ ደርሰን "ያዢ!" አለኝ፤ ያዝኩ። ስልኬ ጮኸ። ማን ደወለ ብለህ አትጠይቀኝ። ድምፁን ከሰማሁ አራት ወር አልፎኝ የነበረ ሰው ነው፤ ቁጥሩን ሳየው እግሬ እኔን ሳያማክር ብድግ አለ። ሳነሳው ተቋርጧል። ቶሎ መልሼ ረገጥኩ። አባትህ ዘይት ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሲጠርግ ነበርና አላየም። ወገቡን ይዞት ሲያቃስት እየሰማሁ እንደገና እንጀምር ልበለው? አንጀቴን በላኝ። ሳቂታው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እማዬ፣ አስረፈዳችሁኝ እኮ!" ይለኛል።

ሁልጊዜ በስተመጨረሻ አባትህ ራሱ ገብቶ ይረግጥና ያረጋግጥ ነበር። ያን ቀን መነሳት አቃተው። "ጠነከረ ወይ?" አለኝ ከሥር። ቶሎ ቶሎ ረገጥኩት። አየር ያለበት ፔዳል ሲደጋግሙት ለጊዜው እንደሚጠነክር አውቃለሁ፣ አፈር ልብላና አውቃለሁ! "ድንጋይ ሆኗል" አልኩት። እግሬስ ሳተ፤ የገደለው አፌ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ?

ሳቂታውን ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ከዳው። ብቻውን ነበር፣ ከታች ካለው ግንብ ጋር ተላተመ። ሆስፒታል ስንደርስ ፊቱን ሸፍነውታል። እናቱ እኔን አቅፋ አለቀሰች። እኔን!

ፖሊስ ሲጠይቀው አባትህ "ብቻዬን ነበርኩ፣ ሳላረጋግጥ ሰጠሁት" አለ። እቤት እንደገባን አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኩት። "እንግዲህ ያዢ። ልቀቂ እስክልሽ ያዢ" አለኝ። ሰባት ወር ያዝኩ። እስከዛሬ ልቀቂ አላለኝም።

የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ አንድ ሰው ከላይም ከሥርም እንደማይሆን ያውቃል፤ አባትህን አክብረው ዝም አሉ። አንተስ? በዚያ ፔዳል ላይ ያደግክ ልጅ፣ ብቻዬን ነበርኩ ሲል እንዴት አመንከው? ተቀይሜሃለሁ። ቅያሜዬ ደግሞ እንደምታውቀው ውሎ አያድርም።

ነገ ዳኛው ፊት ቆሜ እናገራለሁ። አባትህ አያውቅም፤ ቢያውቅ በሩን ቆልፎብኝ ይሄዳል። ለሳቂታው እናትም ከዚያ በፊት፣ ዛሬ ከሰዓት ሄጄ እነግራታለሁ። እሱ ነው ከሁሉ የሚያስፈራኝ።

የደወለልኝ ሰው ግን ምንም አላጠፋም። ይህችን ሁለቴ አንብባት።

የረገጥከው መሬት ይጽናልህ፣ የያዝከው ይባረክልህ፣ ያንተን ክፉ ለኔ ያድርገው። አባትህ የሚወደውን ሾርባ መሥራት ለጎረቤታችን አሳይቻታለሁ፣ እሱን አታስብ። ቢያኮርፍህም ታገሠው። ደግሞ ከነገ ጀምሮ በሱ ስልክ ደውል፤ እኔ የምገባበት ቦታ ስልክ አያስገቡም አሉ።

እናትህ