ለቆዳህ ብዬ ነው

ኅዳር 4 ቀን 2011
አንገቴ ነዷል።

ጠዋት ተላጨሁ። ክፍል ስገባ የሸሚዜ ኮሌታ ላይ የደም ነጠብጣብ። ተማሪዎቹ የሚያዩት ካርታውን ሳይሆን አንገቴን ነው። ከአገጬ በታች ቀይ፣ ሽፍ ያለ፣ ሲነካ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል። ምላጩን በቅርቡ ነው የቀየርኩት። ታዲያ ማን አደነዘው? መታጠቢያ ቤቱን ከእኔና ከአስቴር በቀር የሚገባበት የለም። ሚስቴ ናት፣ በሌላ ነገር አምናታለሁ። በምላጭ ግን ማንንም አላምንም።

ኅዳር 5
ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። አስቴርን በቀጥታ ጠየቅኋት። ያንተን ዝገት ምን ላደርግበት ብላ ሳቀች። የምትዋሽ አትመስልም። ቁልፉን ግን ኪሴ ከተትኩ።

አዲስ ዓለም ደወልኩ። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ተሾመን ስኳሩ ከክረምት ወዲህ አላስቀመጠውም። ስልኩን ሚስቱ እትዬ ዘነበች አነሳች። ተኝቷል አለች። ለማርያም ንግሥ እንደ ወትሮው እመጣለሁ በይልኝ አልኳት። ኅዳር 21 ሁልጊዜ አብረን ነን። እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ጉንጬን ዳሶ «ዛሬም ተገሽልጠህ መጣህ?» ይለኛል። ዘንድሮ ምንም የሚለው እንዳያገኝ እፈልጋለሁ።

ኅዳር 7
ኦቦ ቶሎሳ ጋ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ያለው ጸጉር አስተካካዬ ነው። ማሽን አይወድም። ጢሜን ከታች ወደ ላይ ላጨኝ፣ ከዚያ አልኮሉን ረጨብኝ። ጮኼ ከወንበሩ ተነሣሁ።

«ኧረ መምህር! ልጅ ስንገርዝ እንኳ እንዲህ አይጮህም!»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ምላጩን ከወረቀቱ ሲያወጣ አላየሁም። ከእኔ በፊት የተላጨው ሰው ጉንጭ ላይ ቁስል ነበር። መሰለኝ? አይደለም፣ ነበር።

ማታ አንገቴን ማዞር አቃተኝ።

ኅዳር 8
አስቴር ጊንጪ ጤፍ ልግዛ ብላ ወጣች። ቅዳሜ አይደል፣ ገበያ ነው አልኩ። አመሻሽ ላይ ባዶ እጇን ተመለሰች። ጤፉ ውድ ነው አለች። ነጠላዋ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል፣ ለቅሶ እንደሚለበሰው። እንዳየሁት ስታውቅ አዞረችው። መንገድ ላይ ለቅሶ ገጥሟት ደርሳ መምጣቷ ነው። የማን? አታውቀውም አለችኝ።

አንቺስ ታውቂዋለሽ? አልጠየቅኳትም። አንገቴ ያቃጥለኛል።

ኅዳር 10
ፋርማሲ። አስቴር አብሬህ ካልሄድኩ አለች። ሐኪም ቤት እንኳ ብቻዬን ስሄድ የማትጠይቅ ሴት።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ። ቆዳህ ስስ ነው፣ ጢምህ ደግሞ ጥቅልል፤ ከሥሩ ሲቆረጥ ተመልሶ ሥጋ ውስጥ ይበቅላል አለች። አልኮል አታስነካው። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ አድርግበት፣ እሬት ቀባው፣ አትከከው። ስትላጭ በሞቀ ውሃ አለስልስ፣ ጸጉሩ በወረደበት አቅጣጫ ውረድ፣ አትጫነው፣ በደነዘ ምላጭ አትደጋግም። አሁን ግን እስኪሽር አትላጭ።

«እንዲያውም ወሩ እስኪያልቅ ይተወው፣ አይደል እህቴ?» አለች አስቴር ቶሎ ብላ።

ልጅቱ ትከሻዋን ሰበቀች። ይሻላል አለች። ይሻላል ያለችው ማን አስብሏት ነው?

ኅዳር 13
ጢሜ ወጣ። ግማሹ ሽበት። በአምቦ ጢሙን ያሳደገ ሰው ያለ ጥያቄ መንገድ አያቋርጥም። የባጃጁ ሹፌር፣ «ማን ሞተብህ ጋሼ?» የትምህርት ቤቱ ዘበኛም እንደዚሁ። ቆዳዬ ነው፣ ቆዳዬ ነው። ባንገቴ ላይ ጽፌ ብሰቅለው ይቀለኝ ነበር።

እሬቱ ይሠራል። ማታ ማታ ቀዝቃዛ ጨርቅ። ቀዩ እየደበዘዘ ነው። ይህን እንኳ ልመስክር።

ጋሼ ተሾመ ጋ ደወልኩ። እትዬ ዘነበች ናት። ጸበል ሄዷል አለች። እዚያ ስልክ አያስገቡም። ድምፅዋ ጎርንኗል። ጉንፋን ነው አለች።

ኅዳር 14
ግርማ የአዲስ ዓለም ልጅ ነው፣ እኛ ጋ ፊዚክስ ያስተምራል። ሰሞኑን እዚያ ቆይቶ መጥቷል። መምህራን ክፍል በር ላይ አቀፈኝ። አጥብቆ። «እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ቆዳዬ እኮ ነው አልኩት።

እጁ ከትከሻዬ ወረደ። ጢምህን አይቼ ነው አለ። ክፍል አለኝ ብሎ ሄደ። ክፍል የለውም፣ ፕሮግራሙን አውቀዋለሁ።

ጢሜን አይቶ ከሆነ እንደ ሌላው ማን ሞተብህ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሱ አልጠየቀም።

ኅዳር 17
አንገቴ ድኗል። በጣቴ ስሄድበት ለስላሳ ነው። ውሃ አሞቅሁ፣ መሳቢያውን ልክፈት አልኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ የለም። ሱሪህን አጥቤው ነበር አለች አስቴር፣ ውሃ ወስዶት ይሆናል።

ሌላ ምላጭ እገዛለሁ አልኩ።

«ተው እባክህ። ለቆዳህ ብዬ ነው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለጢም ሲለቀስ አላየሁም። ሳያት ጸጉሯን አልተሠራችም። ቅቤም ቅባትም አልነካውም። ከመቼ ጀምሮ?

ኅዳር 18
በእኛ ወገን ሐዘንተኛ አይላጭም። ወንድሙ ሞቶ ጢሙን ተላጭቶ ዞረ ከሚባል ሰው ባይፈጠር ይሻለዋል። አስቴር ይህን ታውቃለች። ታምናለችም።

የእናቴን መርዶ በስልክ ሰምቼ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቄአለሁ። ደም ግፊት። ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ የሚደርሰኝ ተጣርቶ ነው። አሁንም ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ጊዜው ይህ ነው እስኪባል እየጠበቁ ይሆናል። እስከዚያው ደግሞ እንዳልላጭ።

ወይም ተጠራጣሪ ነኝ፣ ጋሼም ጸበል ነው። ደብተሬ፣ አንተ ላይ እንኳ ቃሉን መጻፍ አልቻልኩም።

ነገ ቶሎሳ ጋ እሄዳለሁ። ጋሼ ካለ፣ ንጹሕ ጉንጭ ይዤ ነው የምደርሰው።

ኅዳር 19
የአዲስ ዓለም ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። እስኪሞላ ልጻፍ።

ቶሎሳን በሞቀ ውሃ፣ በአዲስ ምላጭ፣ ጸጉሩ በወረደበት፣ አልኮል የለም አልኩት። ምላጩን ዓይኔ እያየ ከወረቀቱ አወጣ። «መምህር፣ ፍተሻ ጨረስክ?» እያለ ሳቀብኝ። የግራ ጉንጬን ጨረሰ። ቀስ ብሎ፣ ሳይጫን። ምንም አላቃጠለኝም።

ስልኩ ጮኸ። «ኤዬ፣ አስ ጅራ» አለ በኦሮምኛ። አዎ፣ እዚህ አለ። ከዚያ ብዙ ሰማ። ከስልኩ የሚወጣው የሴት ድምፅ ነው፣ አውቀዋለሁ። ቶሎሳ በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ምላጩን አጥፎ አስቀመጠ።

ቀኙስ? አልኩት።

«ነገ ይሻላል።»

ይህ ሰው ደንበኛ ገፍቶ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ እንኳ በስልክ ባትሪ ይላጫል።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ጨርሰኝ።»

«እጄ እምቢ አለኝ፣ ኦቦሌሳ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው። መምህር ብቻ ነበር የሚለኝ።

ተነሣሁ። የቀኝ ጉንጬን አረፋ በእጄ ጠርጌ ወጣሁ። ከኋላዬ ጠራኝ። ምን እንዳለ አሁን ነው የገባኝ፤ ፎጣው እስካሁን አንገቴ ላይ ነው።