የጋሽ ሙሄ ልክ

አባዬ፣ አካም ጅርታ?

ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ ብጀምር ከተኛህበት ቀና ብለህ «የማን ልጅ ናት ይቺ?» ትላለህ ብዬ ፈራሁ። ያንተን ጤና መጠየቅ እንኳ አሁን የኔ ድርሻ አይደለም፤ አላህ ይዘንልህ፣ በጀነት ያኑርህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ሁለተኛውን ረመዳን ያለ አንተ ጾምነው፣ ዒዱንም ያለ አንተ አሳለፍነው።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ቀንዷ የተሰበረው ፍየልህ ወልዳለች፤ ግልገሉም እንደ እናቱ ሌባ ነው። የከሚሴ ሙቀት እንደ ድሮው ነው። እማ ወንበርህን ወርሳለች። ወንበሩን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ጠባይህንም አብራ ወርሳው ቁጭ አለች። አንተ ዜና አንባቢውን ስትቆጣ «ሰውየው አይሰማህ፣ ምን ያስጮህሃል?» ትልህ አልነበር? አሁን እሷው ናት ሬዲዮኑን የምትቆጣው። ወላሂ፣ ጎረቤት ሰው የመጣብን ይመስለዋል።

አንድ ነገር ግን ጥለህብን ነው የሄድከው። ጫማውን!

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ነገርህን ከሥሩ ላውራው፤ እንዳትቀየመኝ። አንተ እህል ነጋዴ ነበርክ። ጤፍን ከጤፍ በጣትህ አሽተህ ትለያለህ፤ ጫማን ከጫማ ግን ለይተህ አታውቅም። መነጽርህን በደረት ኪስህ ትሸከመዋለህ እንጂ ዓይንህ ላይ አታውለውም። ጁምዓ ሰግደህ ስትወጣ፣ መስጊዱ በር ላይ ከተኮለኮለው ጫማ ሁሉ እግርህ የገባበትን ተጫምተህ ትመጣለህ። ባለቤቱ ደግሞ ምን ያድርግ፣ ያንተኑ አድርጎ ይሄዳል፤ ያንን ጥቁሩን፣ ተረከዙን ረግጠህ ረግጠህ ያስተኛኸውን፣ አንዱ ማሰሪያው ጠፍቶ እማ በጆንያ መስፊያ ሲባጎ ያሰረችልህን። በሚቀጥለው ጁምዓ በር ላይ ትገናኛላችሁ፣ ትሳሳቃላችሁ፣ ትቀያየራላችሁ። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሙሄ ሲሳሳት እንኳ ወደ አዲሱ ነው» እያለ ያማህ ነበር። እኔም አንዳንዴ ሳልጠረጥርህ አልቀረሁም።

የመጨረሻዋ ጁምዓ ዕለት ቡናማ ጫማ አድርገህ መጣህ። እማ ገና ከበር ስታይህ «ያ አላህ! ዛሬ ደግሞ የማንን ነው?» አለች። አንተም «አብሽሪ፣ ለጁምዓ እመልሳለሁ» ብለህ ሳቅክ። ጁምዓው መጣ፤ አንተ አልነበርክም።

ለቅሶው ላይ «ሙሄ ዕዳ አለበት የሚል ካለ ይንገረን» ተብሎ ተጠየቀ፤ አልሃምዱሊላህ፣ ማንም አልመጣም። ቡናማው ጫማ ግን በራችን ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል። እማ እህል አልወርድ አላት። «የሰው ሐቅ ተጫምቶ ሄደ! አላህ ፊት ምን ብሎ ይቆማል?» እያለች ስትብሰለሰል ወራት አለፉ። እኔ አንዴ ለማጽናናት «እዚያ ጫማ አይጠየቅም» ብላት የሬዲዮኑን ቁጣ ወደ እኔ አዞረችው። መስጊድ አስነገረች፤ ገበያ አስጠየቀች፤ የጫማው ባለቤት ግን የውኃ ሽታ ሆነ።

አሁን ደግሞ የኔን ጣጣ ስማ። የእህትህ ልጅ ጀማል ጫማ በስልክ መሸጥ ጀምሯል። አፑን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ያ «ኮምፒውተር ላይ ተተክለሽ ዋልሽ» ስትለኝ የነበረው ነገር እንጀራ ሆነልኝ ማለት ነው። ሰው ስልኩ ላይ ጫማ ያያል፣ ያዛል፣ እኛ እንልካለን፤ እዚህ በባጃጅ፣ ጨፋ ሮቢት፣ ሰንበቴና ባቲ ደግሞ በሚኒባስ። ችግሩ የሄደው ጫማ ሁሉ ተመልሶ መምጣቱ ነው። የአንዱ ፋብሪካ አርባ አንድ ለሌላው አርባ ነው፤ ቁጥሩን ያመነ ሰው ወይ ይዋኝበታል ወይ ያነክስበታል። ጀማል መረረውና «ይህ ነገር እስከ ዒድ ካልተስተካከለ አፑን ዘግቼ ጫማዬን መሬት ላይ ዘርግቼ እሸጣለሁ፤ አንቺም አዲስ አበባ ሥራ ፈልጊ» አለኝ። እኔ አዲስ አበባ ብሄድ እማ ከዚያ ቡናማ ጫማ ጋር ብቻዋን ልትፋጠጥ ነው።

እናም ብልሃት ፈጠርኩ። «እግርዎን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ፎቶ ይላኩልን፤ አፑ ለክቶ ልክዎን ይነግርዎታል።» እንዴት እንደኮራሁ ብታይ! ኩራቴ ሁለት ቀን አልቆየም። አንዱ ካልሲውን ሳያወልቅ ላከ፤ ካልሲው ደግሞ አውራ ጣቱን አሳልፏል። አንዷ ሙሽራ ሂና የተቀባ የጣቶቿን ጫፍ ብቻ ልካ የቀረውን ማሳየት ነውር ነው አለችኝ። የገጠሮቹ ግን ጨረሱኝ። መቼም ታውቃለህ፣ ገበያ የማይወጣ ሰው እግሩን በሰንበሌጥ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ለሚሄደው ሰው «በዚህ ልክ ግዛልኝ» ብሎ ይሰጠዋል። ያንኑ ወደ ስልክ አዞሩት። ሰንበሌጡን መሬት ላይ አጋድመው ፎቶ አንስተው ላኩልኝ! አጠገቡ ምንም የለ፤ ስንዝር ይሁን ክንድ በምን ይታወቃል? አፑ ለአንዱ ጎልማሳ የሕፃን ጫማ መረጠለት፤ ለሌላው ደግሞ «እግር አልተገኘም» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ደውሎ «እግሬን ምን አድርጋችሁት ነው የማይገኘው?» ብሎ ጮኸብኝ። ጀማል ይህን ሲሰማ መሬት ላይ የሚያነጥፈውን ሸራ መግዛቱን ነገረኝ።

በዚያው ሰሞን፣ አንድ ጁምዓ ከሰዓት፣ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ በዚሁ ነገር ስብሰለሰል፣ እማ እንደገና ሰው ጠርታ ኖሮ የሰፈሩ ወንድ ተራ በተራ እየገባ ቡናማውን ጫማ ይሞክራል። አንዱ «የኔ አይደለም፤ ግን ብትሰጡኝ አልጠላም» አለ፤ እማ በዓይኗ አባረረችው። ባጃጅ ነጂው ሐሰን እግሩን ከተተና ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ይጠበኛል። ቁጥሬን አላውቅም፤ የጋሽ ሙሄ ጫማ ነው ልኬ። የኔን ወስዶብኝ አንድ ሳምንት በሱ ስሄድ እንደ ራሴ ነበር» አለ። ከኋላው ያለው ሽማግሌ ቀበል አድርጎ «እኔም የሙሄ ይሆነኛል፤ ትንሽ ጣቴ ጋ ብቻ ያዝ ያደርገኛል» አለ። ሌላው «እኔ ደግሞ የሙሄ ጠበበኝ፤ የወንድሜ ነው ልኬ» አለ።

አባዬ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ! ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የማን ጫማ እንደሚሆነው የማያውቅ ግን አንድም የለም። ወንድም ከወንድም፣ እህት ከእህት ተዋውሶ ያደገ አገር፣ ባይዋዋስ ደግሞ አንተ እየዞርክ ያዳረስከው አገር!

ፎቶውን አጠፋሁትና አፑ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቅ አደረግሁ፦ «የማን ጫማ ይሆንዎታል?» ሰው የሰው ስም ይጽፋል። ያንኑ ስም የጻፈ ሌላ ደንበኛ ከኛ ገዝቶ የተስማማውን ጫማ፣ ለዚህኛውም እንልካለን። ጠበበኝ ወይም ሰፋኝ ካለ ደግሞ አፑ ያንን ይዞ ለቀጣዩ ያስተካክላል። ቀላል ነው። አንተ ከኛ አንድም ጫማ ሳትገዛ ስምህ ከሁሉም በላይ ሆነ። ጀማል አይቶ «ሟች እንዴት ደንበኛ ይሆናል? አጥፊው እንጂ፣ ሰው ይደነግጣል» አለኝ። እሺ አልኩት፤ አላጠፋሁትም። ዒድ ሲደርስ የሚመለሰው ጫማ ቀነሰ፣ ጀማልም ስለ መሬት ማውራት ተወ። ሸራውን ለፍየሏ ጥላ አድርጌዋለሁ።

ከዒድ በኋላ ከሰንበቴ አንድ ትእዛዝ ገባ። የማን ጫማ ይሆንዎታል ለሚለው ሰውየው ያስጻፈውን እንዳለ ልንገርህ፦ «ስሙን አላውቀውም። ከሚሴ መስጊድ በር ላይ ቡናማ ጫማዬን ወስዶ ጥቁሩን የተወልኝ ሰው። የሱ ልኬ ነው። ማሰሪያው ሲባጎ ነው።»

ጮህኩ መሰለኝ፤ እማ ከጓዳ «ምን ነካሽ?» እያለች ሮጣ ወጣች። ሳነብላት እዚያው ወንበርህ ላይ ቁጭ አለች።

ሰውየው ሰይድ ይባላል፤ የከብት ነጋዴ ነው። ደውለን ነገርነው፤ ለጁምዓ መጣ። ከበር «አሰላሙ አለይኩም» ሲል እማ ፊቱን አላየችም፣ እግሩን ነው ያየችው። ሲባጎዋን አወቀቻት። አንተ የገባህ ያህል ነው የደነገጠችው፤ እኔም ደነገጥኩ። ሰይድ እንደነገረን በሳምንቱ ለመቀያየር ብሎ ከሰንበቴ መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ጫማ ሁሉ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀህ። «ሰው እንዴት ጫማውን ትቶ ይቀራል ብዬ ገረመኝ» አለ።

እማ ቡናማውን ጫማ ወልውላ አቀረበችለት፤ «ለአላህ ብለህ አውፍ በለው፣ ይቅር በለው» አለችው። እሱም «አውፍ ብያለሁ። እኔም ስንት ገበያ የሄድኩት በሱ ነው፤ እናንተም አውፍ በሉኝ» አለ። ከዚያ ቡናማውን ሊያደርግ ቢል እምቢ አለው! እግሩ ያንተን ለምዶ የራሱ ጠበበው። ጀማል መቼም ነጋዴ ነው፣ እዚያው አዲስ ጫማ ሸጠለት፤ በጋሽ ሙሄ ልክ። ሰውየው ቡናማውን በብብቱ ይዞ፣ እየሳቀ፣ እየመረቀን ሄደ።

ጥቁሩ ጫማህ በራችን ላይ ቀረ። እማ አንስታ አገላበጠችው፣ ፊቷም ተለወጠ። ሰይድ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ የተረገጠውን ተረከዝ አስቃንቶት ኖሯል። ዕድሜዋን ሙሉ «ተረከዙን አትርገጠው! ጫማ ነው ነጠላ ጫማ?» ስትልህ የኖረች ሴት «ማን አቃኑልኝ አላቸው?» ብላ ተቆጣች። መሬት ተቀምጣ ተረከዙን በመዳፏ ተጭና፣ ተጭና፣ እንደ ድሮው አስተኛችው። «አሁን የሱ ሆነ» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

እንግዲህ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባህ፤ የሰው ሐቅ የለብህም፣ እማም ምግብ ትበላለች። እኔም አዲስ አበባ አልሄድኩም። ስምህን ከአፑ ላይ ማንም አያጠፋውም፤ ጀማል ቢለምነኝም አላጠፋውም። ጫማህ በር ላይ ነው። በረመዳን ጽዳት እንኳ ወልውለን እዚያው እንመልሰዋለን። ተረከዙም ኢንሻ አላህ እኔ እስካለሁ ድረስ አይቃናም፤ ቀና ካለ፣ እማ ብትደክም እኔ በእጄ ተጭኜ አስተኛዋለሁ።

ልጅህ ሐያት
ከሚሴ